የጋሼ ደምሴ ባዶ ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሌክ ሲቲ ከምኖርበት አፓርታማ ኋላ የነበረውን ትልቅ ጥድ ሠራተኞች መጥተው ቆረጡት። ሥሩ ቧንቧ ሰብሮ ነው አሉ። ከሥራ ስመለስ ግንዱ ተቆራርጦ ፓርኪንጉ ዳር ተከምሯል፤ ዝናቡ ሲያካፋበት ከቀዩ እንጨት የሚወጣው ሽታ እስከ ደረጃው ድረስ ሞልቶታል። ሲዳር የሚሉት ዓይነት ጥድ ነው፤ ጠረኑ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደቆየ ሳጥን ደረቅ ብሎ ይጀምርና ኋላ ላይ ይጣፍጣል። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የታችኛዋ ጎረቤቴ መስኮቷን ከፍታ «ኦኬ ነሽ?» ብትለኝ ራሴን ነቅንቄ ወደ ቤቴ ገባሁ። ምን ብዬ ልንገራት? የአጎቴ የጋሼ ደምሴ የአደን ጃኬት ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው።

ጋሼ ደምሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያን ጊዜ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር፣ ከኋላው ትንሽ ግቢ ባለው ቤት ውስጥ ከሚስታቸው ከእትዬ ብርቄና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እኔን ያስመጡኝ ሕፃኑን እንድይዝላቸው ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ እንግሊዝኛ የማላውቅ፣ በአማርኛም ቢሆን ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር የምፈራ ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ሻይ አቅርቤ ጓዳ እገባና ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ ወንበሬ ላይ ሳልነቃነቅ እቀመጣለሁ። እትዬ ብርቄ ለመጣው ሁሉ «ይቺ ልጅ ሰው ትፈራለች፣ ምን ይሻላታል?» ይላሉ። የምናገረውንም ሰው ሁሉ «ምን አልሽ?» እያለ ያስደግመኛል፤ ድምፄ ከአፌ ብዙም አይርቅም ነበርና። ጋሼ ግን አንድም ቀን አስደግመውኝ አያውቁም። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከሚያጓሩ ማሽኖች ጋር ውለው መጥተውም፣ ከሌላው ክፍል ሆኜ ለሕፃኑ የማንሾካሹክለትን ሰምተው ይስቁ ነበር።

ያደጉት ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ነው፤ አባታቸው አዳኝ ነበሩ። እዚህ አገር መጥተው ብዙ ነገር ሲለውጡ ይህችን ብቻ አልለወጧትም፤ በጥቅምት፣ የአጋዘን አደን በሚፈቀድባቸው ጥቂት ቅዳሜዎች፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የቀረው ቀን ሥራ ነው፣ ስለዚህ ያላቸው ቅዳሜ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንግዳ ሸኝተው ወደ ጓዳ ብቅ ሲሉ ወንበሬ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጬ አገኙኝ። ቆመው አዩኝ፣ አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ አጋዘን ቢያይሽ እኮ ግንድ ነሽ ብሎ ይታከክብሻል» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ብርቄ ቤት ስለሚውሉ እኔን ይዘውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲያ አልቀረሁም።

ሦስተኛው ሰው ተክሌ ነበር። ከአስመራ ሰዎች ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ምላሱ የማይደክም የጋሼ ጓደኛ ነው። ጠመንጃ የለውም፤ የሚመጣው ለጨዋታው ነው፣ ከተገኘም ለሥጋው። ግን አይገኝም ነበር። እኔ ከመጣሁ ሁለት ጥቅምት አለፈ፤ አንድም ጊዜ አልተተኮሰም።

ምክንያቱ ደግሞ አጋዘን መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ በመጀመሪያው ዓመታቸው፣ ጋሼ አንድ ቀንዳም አጋዘን ከገደል ማዶ መትተው ጥለው ነበር። ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ እሾሁን ጥሰው ሲደርሱ ትንፋሹ ወጥቶ ጠበቃቸው። ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ እሳቸው ባደጉበት ቤት በክት ነው፤ አይበላም። ጫካ ውስጥ ጥሎ መሄድም ነውር ስለሆነባቸው እስከ ቤት ተሸክመው ለአሜሪካዊው ጎረቤታቸው ሰጡት። ሰውየው የሚያደርገው ጠፋው። ከዚያም በየጊዜው ከሥጋው የሠራውን ቋሊማ በወረቀት ጠቅልሎ ለምስጋና ይዞ ይመጣ ጀመር። እትዬ ብርቄ በፈገግታ ይቀበሉታል፣ በፈገግታ በሩን ይዘጋሉ፣ ከዚያ ቋሊማውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ጋሼን ያዩዋቸዋል።

ጋሼም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮጠው በሕይወቱ ሊደርሱበት ከማይችሉት ርቀት ላለመተኮስ ማሉ። ሌላው አዳኝ ከኮረብታ ኮረብታ አነጣጥሮ ሲጥል፣ እሳቸው አጋዘኑ እንደ ጎረቤት እስኪቀርባቸው መጠበቅ አለባቸው። ተክሌ ይህን እያነሣ አያስቀምጣቸውም ነበር።

«ሶ እርስዎ የሚፈልጉት ራሱ መጥቶ አንገቱን የሚሰጥ ነው፣ ጋሼ። እሱ ደግሞ ሱፐርማርኬት ነው ያለው።»

«እዚያ ያለው አንተ ስታወራ ሰምቶ የሞተው ነው» ይሉታል ጋሼ።

ባዶ እጅ መመለስ ሰውን ያደክማል። ሌሎች አዳኞች አጋዘን በመኪናቸው ጭነው ሲያልፉን፣ እኛ እርጥብ ጫማችንን ይዘን ስንገባ፣ እኔ እንኳ ምንም የማላውቀው አንገቴን እደፋለሁ። ጋሼ ግን አንድ ደንብ ነበራቸው። መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ተከፍቶ መስኮቱ በትንፋሻችን ሲደበዝዝ፣ እያንዳንዳችን ባለፈው ቅዳሜ ያላየነውን አንድ ነገር መናገር አለብን። ተክሌ «ዝናብ አየሁ» ይላል። «እሱን ባለፈውም ብለሃል፣ ሌላ አምጣ» ይሉታል። የእኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እንደ ምንም ብዬ፣ ወንዙ አጠገብ ያለው ቁጥቋጦ ጫፍ ጫፉ እንደተበላ፣ የተበላውም ቅጠል ገና እንዳልጠወለገ ተናገርኩ። ጋሼ መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙና ወደ ኋላ ዞረው «በየት በኩል? ከፍታው ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ያልኩትን ለመስማት ሰው መኪና ሲያቆም ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። «እንግዲህ ዛሬ ባዶ አልተመለስንም» አሉና መኪናውን አስነሡ።

ቤትም ቢሆን ሥራ አይፈቱም። ማታ ከሥራ ሲመለሱ በኋላው ግቢ ደረቅ ቅጠል ላይ ሳያንኮሻኩሹ መራመድ ይለማመዳሉ፤ ተረከዛቸውን በስሱ አሳርፈው፣ ክብደታቸውን ቀስ ብለው እየለቀቁ፣ መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ ይዘው። እትዬ ብርቄ በመስኮት «ደምሴ፣ ጎረቤት ፖሊስ ኮል ሳያደርግብህ ግባ» ይሏቸዋል። ሲደክማቸው ደግሞ ከእኔ ጋር ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ማን ቀድሞ እንደሚነቃነቅ እንፎካከራለን። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ። እሳቸው አፍንጫቸውን ያካሉ፣ ወይም ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። እንግዳ ሲመጣም «ሙሉዬን አያችኋት? በመቀመጥ የሚያህላት የለም» እያሉ ያወሩልኛል። እኔ ያፈርኩበትን ነገር እሳቸው እንደ ሙያ ቆጠሩልኝ።

ሦስተኛው ጥቅምት ሲቃረብ ግን እትዬ ብርቄ አንድ ምሽት ራት ላይ ቁርጡን ተናገሩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜህን ለጫካ ሰጠኸው። ጫካው ምን ሰጠህ? ዘንድሮ ካላመጣህ ጠመንጃው ይሸጥ። ወይ ትርፍ ሰዓት ግባ፣ ወይ ከልጅህ ጋር ዋል።»

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሠርተው ቅዳሜያቸውን ብቻቸውን ከሕፃን ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ እውነትሽን ነው» አሉ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ውኃው እጄ ላይ ሲወርድ የመጣልኝ ሐሳብ ጠመንጃው አልነበረም። ቅዳሜ ከቀረ እኔ ወደ ጓዳው ወንበር ነው የምመለሰው።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ቅዳሜ ባዶ ሆነ። በሁለተኛው ወንዙ ዳር፣ ቅጠሉ በሚበላበት ቦታ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀመጥን፤ ምንም አልመጣም። ልንሄድ ስንነሣ ጋሼ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጭቃው ላይ አዲስ ኮቴ አዩና ተንበረከኩ። አጋዘኑ ረጋ ብሎ ወደ እኛ ሲመጣ ቆይቷል፤ ከዚያ ቆሟል፤ ከዚያ ዞሮ በረጅሙ እየዘለለ ሄዷል። ሲዘል መሬቱን የቆፈረው ይታያል። ድምፅ አላሰማንም፣ አልተነቃነቅንም። ጋሼ የነፋሱን አቅጣጫ ለማየት ከኪሳቸው ትንሽ ዱቄት አውጥተው ወደ ላይ በተን አደረጉ፤ ነፋሱ ከእኛ ወደ እሱ ወሰደው። ከዚያ ጃኬታቸውን አውልቀው አፍንጫቸው ላይ አደረጉትና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እኛ እኮ የምንመጣው ወጥ ሆነን ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። የአደን ልብሳችን ዓመቱን ሙሉ የሚሰቀለው ወጥ ቤቱ በር ኋላ ነው፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ የሳምንቱን ወጥ የሚሠሩት ዓርብ ዓርብ ማታ ነው። የሦስት ዓመት ቁሌት፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ተክሌ እጁ ላይ ያለውን ቅርንፉድ የሞላበት የሻይ ፔርሙዝ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ። እኔም ፀጉሬን በሻሽ እያጠበቅሁ አቀረቀርኩ፤ ዓርብ ማታ ቅቤ ተቀብቼ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሁሉ ጊዜ በሽንኩርት ምክንያት አባከንኩት ብሎ ይበግናል። ጋሼ ግን መንገዱን ሙሉ እንደተሸለመ ሰው ደስ ብሏቸው ነዱ። የማያውቁት ነገር ነበር የሚያስጨንቃቸው፤ አሁን አወቁት። ቤት እንደደረስን ልብሱን ሁሉ ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበን፣ ከኋላው ግቢ ጥድ ሥር ገመድ ወጥረን፣ ከላዩ ላስቲክ ዘርግተን ሰቀልነው። በየቀኑ ጋሼ የጥዱን ቅጠል በእጃቸው እያሹ ክንዱንና ኮሌታውን ይጠርጉታል። እትዬ ብርቄ «ጎረቤቱ ቤት የሌላቸው ናቸው ይለናል» ቢሉም አልነኩብንም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሰማዩ ዝቅ ያለ፣ ጭጋጉ ዛፎቹ ላይ የተኛበት ቀን ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ደረስን። ብርሃኑ እየጠነከረ ሲሄድ ተክሌ ክንዴን ጨበጠኝ። ከማዶ፣ ዛፍ በተቆረጠበት ገላጣ ላይ፣ ቀንዳም አጋዘን ጎኑን ሰጥቶን ቆሞ ይግጣል። ጋሼ ጠመንጃውን አነሡ። ብረቱ ላይ የረጋችው ጠብታ ወርዳ ስትወድቅ አየሁ። ሁለት ዓመት የጠበቅነው እሱ ነው፤ ጠመንጃው መሸጥ አለመሸጡ፣ የእኔም ቅዳሜ፣ እዚያ ጣታቸው ላይ ነበር።

«ሹት ያድርጉት ጋሼ፣ ኧረ በእመቤቴ ሹት ያድርጉት» አለ ተክሌ በሹክሹክታ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከአጋዘኑ ወደ ገደሉ አወረዱ፤ ቁልቁለቱን፣ ወንዙን፣ እሾሁን፣ እንደገና ዳገቱን በዓይናቸው ሄዱበት። ከዚያ ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ።

«አልደርስበትም» አሉ።

«ለእትዬስ ምን ልንላቸው ነው?»

«ገና መች መሸ? ቁርሱን በልቶ ወዴት እንደሚተኛ እንይ።»

ተክሌ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ፤ አነሣውና መልሶ አጠለቀው። እኛ ግን አየን። አጋዘኑ ግጦ ሲጨርስ ቀስ እያለ ወጥቶ ከገላጣው በላይ ካለው ጥቅጥቅ ጫካ ገባ። ተክሌ «እኔ እንኳ ዝምታው ሳይገድለኝ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ልስማ» አለ፤ ጋሼም «እግዜር ይስጥህ» ብለው ሸኙት። ሁለታችን ነፋሱ ፊታችን ላይ እንዲሆን ገደሉን በሩቁ ዞረን፣ ስንቆም ስንሄድ ከቀትር በኋላ ማዶ ደረስን። የወደቀ ትልቅ ግንድ አገኘንና ከሥሩ ተቀመጥን። ዝናቡ ጀመረ። ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ውኃውን ይጠጣና ሲሞላለት አንገታችን ላይ ያንጠባጥባል። እግሬ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ጀርባዬ፤ ጉንዳን በእጅጌዬ ገብታ እስከ ክርኔ ወጣች፣ ተመልሳ ወረደች። እኔ መቀመጥ እችላለሁ። ጎኔን ሳይ ግን ጋሼም፣ አፍንጫቸውን የሚያኩት ጋሼ፣ እንደ ግንዱ ሆነዋል። ያን ሁሉ ምሽት ወንበር ላይ የተለማመዱት ለዚህች ሰዓት እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ብርሃኑ ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው አጋዘኑ ከጫካው ወጣ። በመጀመሪያ ቀንዱ፣ ከዚያ ጆሮው፣ ከዚያ ሙሉ አካሉ። ወደ እኛ መጣ። ነፋሱን አሸተተ፤ እርጥብ ጥድ እንጂ ሌላ አላገኘም መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ መጋጥ ጀመረ። በከንፈሩ ፀጉር ላይ ያለውን የውኃ ጠብታ አየዋለሁ። ከዚያ ጥይቱ ጮኸ፤ ጆሮዬን ደፈነው፤ ጋሼ ሲሮጡ አየሁ። ያ ቅጠል የማያንኮሻኩሽ እግር ቅርንጫፉን ሁሉ እየሰባበረ ሮጠ፤ ጭቃው አዳልጧቸው በጉልበታቸው ወደቁ፣ ተነሡ። ስደርስ አጋዘኑ አሁንም ይተነፍስ ነበር። ራሱን ወደ ምሥራቅ መለስ አደረጉና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» ብለው ባረኩ። ከጠዋት ጀምሮ ያልተሰማው ድምፃቸው ጫካው ውስጥ ሰፋ ብሎ ተሰማ። ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። እኔ አለቀስኩ፤ ኀዘንም ነበር፣ ደስታም። እሳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

እትዬ ብርቄ በሩን ሲከፍቱ ተክሌ ከፊት ሆኖ አጋዘኑን ራሱ የጣለ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነበር። እትዬ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጽጌን የሚጾሙ ስለሆኑ ጥብሱን የሠሩት ሳይቀምሱ ነው። ጨው ጣል አላደረጉበትም ነበር። እኔና ጋሼ እንደዚያው በላነው።

«እትዬ፣ ጨው የሚባል ነገር ሰምተው ያውቃሉ?» አለ ተክሌ።

«እኔ ጾመኛ ነኝ። አፍ ያለህ አንተ፣ ቅመስና ጨምር» አሉት። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው «ለከርሞ ያንን ጃኬት ቤቴ እንዳታስገባ» አሏቸው። ጋሼ ሰሃናቸው ላይ አቀርቅረው ፈገግ አሉ። ከርሞም እንደምንሄድ በዚህ አወቅን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጥቅምት ሄድን። አንዳንዱ ዓመት ቀናን፣ አብዛኛው አልቀናንም። እኔም ሊንውድ ሥራ ይዤ ከቤታቸው ወጣሁ፤ ቅዳሜን ግን አልነካሁትም። አምና ጋሼና እኔ ከአንድ ገላጣ ጫፍ ተቀምጠን ሳለ ከግራችን በኩል ቅርንጫፍ ተሰበረ። እኔ ዞርኩ። እሳቸው አልዞሩም። እንደገና ተሰበረ፣ ቀረብ ብሎ። ጋሼ ፊት ለፊት እያዩ ነበር፤ ፊታቸው በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነው። እጅጌያቸውን ነካሁ። ሲዞሩ አንዲት እናት አጋዘን ከግልገሏ ጋር ያን ያህል ሳትርቅ ቆማ ታየናለች። ጋሼ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፤ በዓይናቸው ድምፅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው፣ በራሴ ብቻ።

እዚያው ጠመንጃቸውን ከፍተው ጥይቶቹን አውጥተው ኪሳቸው ጨመሩ። «በዓይን ብቻ አይታደንም፤ ሰው ልመታ እችላለሁ» አሉ፣ ስለ አየሩ እንደሚናገር ሰው። ጆሮዬን የሆቴሉ ማሽኖች ናቸው የበሉብኝ አሉ። ጠመንጃውን ያ ቋሊማ የሚያመጣው ጎረቤት ወሰደው፤ ዘንድሮ ጥቅምት ከስካይዌይ ሳይወጡ አለፈ።

አሁን ልጠይቃቸው ስሄድ ደህና በሆነው ጆሯቸው በኩል እቀመጥና እጮኻለሁ። ድምፄ ይህን ያህል እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር። እትዬ ብርቄ ከወጥ ቤት «ሰው ትፈራለች ያልኳት ይቺ ናት?» እያሉ ይስቃሉ። ጋሼም ጥቂቱን ይሰሙልኛል፣ የቀረውን በደግ ፈገግታ ያልፉታል፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ልጁ ትምህርት እንጨዋወታለን። ጫካ ውስጥ ሳለን በሹክሹክታ የማወራቸው የልቤ ወሬ ግን አብሮኝ ይመለሳል። እሱ ተጮኾ አይነገርም።